ኪቦርድ ልታሠሩ ከሆነ ትዝታ ተጫውቶላችሁ እንዳይሸኛችሁ

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ የሰርግ ኪቦርዲስቶች፣ እኔ ተሸውጃለሁ፣ እናንተ ንቁ።

የኔ ባለ 61 ቁልፍ ያማሃ ነው። የመሐል ሜዳን መንገድ አቧራ ጠጥቷል፣ ድንኳን ውስጥ ለስላሳም ተደፍቶበታል። መሃል ላይ ያሉ ጥቂት ቁልፎች አንዴ ዝም፣ አንዴ ደግሞ ቀስ ብዬ ስነካቸው እንኳ ይጮኻሉ። ጥር ሊገባ ሲል አንድ ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ሳይከፍተው "ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየራል፣ 6,500 ብር" አለኝ። የሰርግ ቀብድ በልቼ ስለነበር አልተከራከርኩም።

ልወስድ ስሄድ ቁጭ ብሎ ትዝታ ተጫወተልኝ። ያምራል። ከፍዬ ወጣሁ። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ የትዝታ ቅኝት (ሜጀሩ) ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ነው። ፋ እና ሲ አይነኩም፣ ጥቁሮቹ ቁልፎችማ ጭራሽ። ሰርጉ ላይ ዘፋኙ ቶን ከፍ በል ሲለኝ ወደ ጥቁሮቹ ሄድኩ፣ ግማሾቹ በድን ናቸው። በትራንስፖዝ (ጣት ሳይቀየር ቶኑን ከፍና ዝቅ በምታደርገዋ) ነው ያመለጥኩት፣ እሷ ባትኖር ሚዜዎቹ ይበሉኝ ነበር።

ቤት ገብቼ በካቻቢቴ ከፈትኩት። ቦርዱ ያው የድሮው ነው፣ የለስላሳው እድፍ ሳይቀር ደርቆ ተቀምጧል። ከቁልፎቹ ስር ያለችው ጎማ ግን ጉድ ሆናለች። እያንዳንዱ ቁልፍ ስር ሁለት ትንንሽ ጥቁር የካርቦን ነጠብጣቦች አሉ፤ ስትጫኑት አንዷ ቀድማ ሌላዋ ተከትላ ቦርዱን ትነካለች፣ መሣሪያው በመሃላቸው ያለችውን ጊዜ ለክቶ ነው በኃይል ወይ በቀስታ እንደመታችሁ የሚያውቀው። አንዷ ከቆሸሸች ወይ ድምፅ የለም፣ ወይ ጩኸት ነው። የኔም ችግር ይቺ ቆሻሻ ብቻ ነበረች። ሰውዬው ግን ነጠብጣቦቹን በብርጭቆ ወረቀት ፍቋቸዋል። ካርቦኑ አንዴ ከተላጠ አብዛኛውን ጊዜ መላው ጎማዋን መቀየር ነው።

ሲጀመር ሥራው ይሄን ያህል ነበር፦ ጎማዋን ማንሳት፣ ንጹህ አልኮል በነካ ጥጥ ቦርዱንም ካርቦኑንም ሳይጫኑ መጥረግ፣ በደንብ ማድረቅ፣ መመለስ። ሳኒታይዘር አይሆንም፣ የዘይት ስፕሬይማ እንዳታስቡት። ጎማዋም ብትሆን ብዙ ጊዜ 12 ወይ 13 ቁልፍ እየያዘች የተከፋፈለች ስለሆነች የተበላሸችውን ክፍል ብቻ መቀየር ይቻላል።

ቦርድ ቀየርኩ ካላችሁ አሮጌውን አምጣ በሉት። ስትረከቡ 61ዱንም ከግራ ጀምራችሁ፣ ጥቁሮቹን ሳትዘሉ፣ አንዴ በቀስታ አንዴ በኃይል ንኩ፤ ሠሪው ቢሰለቸው የራሱ ጉዳይ። ይሄን ስታደርጉ ደግሞ ሰው በስልክ ይቅረጻችሁ። እኔ ብሬን ልጠይቅ ስመለስ "ማን ክፈተው አለህ? ራስህ ነህ ያበላሸኸው" ብሎ አፌን አስያዘኝ።