በደሴ ከተማ የሆድ ውሃ የማስቀዳት አገልግሎት፦ የአንድ አስታማሚ ግምገማ

የአባቴ ጉበት በሄፓታይተስ ቢ ሳቢያ ከደነደነ ወዲህ ሆዳቸው ውሃ ይቋጥራል። ውሃውን በሽንት የሚያስወግዱት መድኃኒቶች፣ የስፓይሮኖላክቶንና የፍሮሴማይድ፣ መጠን ከፍ ቢልላቸውም ውሃው መመለሱን ስላልተወ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየወጣን በአንድ የግል ክሊኒክ እናስቀዳለን።

የሐኪሙና የነርሷ ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ሐኪሙ መርፌው የሚገባበትን ቦታ በአልትራሳውንድ አይቶ ምልክት ካደረገ በኋላ ቆዳውን ያደነዝዛል፤ ነርሷም «አባባ፣ ያዞርዎታል?» እያለች የደም ግፊታቸውን ደጋግማ ትለካለች። ባለፈው ጊዜ ብርዝ የመሰለ 7 ሊትር ፈሳሽ ወጣላቸው። ለሳምንታት ትራስ ተደግፈው ያድሩ የነበሩት አባቴ ያን ሌሊት በጎናቸው ተኝተው አደሩ። ከፈሳሹም ሁልጊዜ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ይህን እጅግ አደንቃለሁ፤ ምክንያቱም ውሃው ያለ ትኩሳትም በባክቴሪያ ሊመረዝ ስለሚችል፣ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር 250 እና ከዚያ በላይ ኒውትሮፊል (የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ከተገኘ አንቲባዮቲክ ሳይዘገይ መጀመር አለበት።

ቅሬታዬ በአልቡሚን፣ ማለትም በደም ሥር በሚሰጠው የደም ፕሮቲን፣ ላይ ነው። ከ5 ሊትር በላይ ሲቀዳ ለእያንዳንዱ ሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም አልቡሚን በደም ሥር ካልተሰጠ የደም ግፊት ሊወርድና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ክሊኒኩ ግን መድኃኒቱን አያስቀምጥም፤ ይህም የተነገረን አባቴ አልጋ ላይ ከወጡ በኋላ ነበር። እኔ ከፒያሳ ጀምሬ በየፋርማሲው ስዞር እርሳቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። የ20 በመቶው ባለ 50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 10 ግራም ስለሚይዝ ለ7 ሊትር አምስት ጠርሙስ አስፈልጎናል። እባካችሁ ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

የምግብ ምክሩም «ጨው ቀንሱ» ከማለት አላለፈም። በቀን የሚፈቀደው ጨው 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ሲሆን፣ በእኛ ቤት ግን በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ እናቴ ወጡ ላይ ጨው ብትተውም ሆዳቸው የሚነፋው ለዚህ እንደነበር የገባን ዘግይቶ ነው። አሁን ጨው ያልነካው በርበሬና ሽሮ ለብቻ ታስፈጭላቸዋለች። ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ የምንገዛላቸው ዲክሎፌናክም ለኩላሊታቸው አደገኛ መሆኑን የነገረን ሐኪሙ ሳይሆን አንድ ፋርማሲስት ነው።

ከተቀዱ በኋላ ግን ማንም አያጣድፍም። ግፊታቸው ተስተካክሎ ያለ ድጋፍ መቆማቸው ሳይታይ ስለማያሰናብቱን፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የምንወርደው ያለ ስጋት ነው።