አውቶማቲክ ወይስ ባለ ጥቁር መስታወት? የብየዳ ማስክ ለምትገዙ

ብየዳ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። አውቶማቲኩን ማስክ፣ ብልጭታ ሲነሳ ራሱ የሚጠቁረውን ልግዛ ወይስ ሁልጊዜ ጥቁር መስታወት ያለውን ተራውን? ሰሞኑን ጠያቂው በዛ። በስልክ ያንኑ ነገር ደጋግሜ ከማወራ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በኤሌክትሮድ የምትበይዱ ከሆነና ገንዘባችሁ የተቆጠረ ከሆነ ተራውን ግዙ። ግን የፊቱ መስኮት ወደ ላይ የሚከፈተውን፣ የጥቁረት ቁጥር የታተመበት መስታወት ያለውን። ደህና አውቶማቲክ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ከሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከርካሹ ጋር ነው።

ወደ ዋጋው እንግባ። ርካሹ አውቶማቲክ ብዙ ጊዜ ከተራው ማስክ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሸጣል። ደህናው ደግሞ ከርካሹ በብዙ ይርቃል። ሰው የሚሸወደው እዚህ መሃል ላይ ነው። «ትንሽ ጨምሬ ዘመናዊውን ብወስድስ?» ይላል። ያቺ ትንሽ ጭማሪ ግን ደህናውን አውቶማቲክ አትገዛም። የምትገዛው ደህናውን የሚመስለውን ነው። ቅርጹ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ ያው። ውስጡ ሌላ።

አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ማስክ ገዝቶ ቀኑን ሙሉ ሲያሞግሰው ዋለ። ማታ ደወለልኝ። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተደፋበት መሰለው፤ መብራት ማየት አልቻለም፤ እንባው አይቆምም። ብየዳ ዓይኑን መትቶታል። ከአርኩ፣ ማለትም ከብየዳው ብልጭታ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር የዓይንን የፊት ገጽ ያቃጥለዋል። ሕመሙ ግን ወዲያው አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። ለዚህ ነው ሰው ቀን ማስኩን ሲያመሰግን ውሎ ሌሊት የሚያለቅሰው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሻላል። የሚያደነዝዝ የዓይን ጠብታ ከየትም አግኝታችሁ ደጋግማችሁ እንዳትጨምሩ ብቻ። ሕመሙን ይደብቃል፤ ቁስሉ እንዳይድን ደግሞ ያዘገያል። ካልተሻለ ወይም እይታችሁ ከደበዘዘ ሐኪም ጋ ነው መሄድ።

አሁን ሻጮች የማይነግሯችሁን ነገር ልንገራችሁ። ኦሪጅናል አውቶማቲክ ማስክ ባይጠቁር እንኳ አልትራቫዮሌቱን ማገድ አለበት። ባትሪው ቢሞትም፣ ቢጠፋም። ምክንያቱም ጨረሩን የሚያግደው ከፊት ያለው ማጣሪያ እንጂ የሚጠቁረው ክፍል አይደለም። የሚጠቁረው ክፍል ሥራው የሚታየውን ብርሃን መቀነስ ነው። ስለዚህ ማስክ አድርጎ ሲሠራ ዓይኑን የተመታ ሰው ሁለት ነገር መጠርጠር አለበት። አንደኛው ብርሃኑ በጎን ወይም ከኋላ ገብቶ መስታወቱ ላይ ነጥሮ እንደሆነ ነው። ነጭ ግድግዳ አጠገብ ሲሠራ ይህ ይደርሳል። ሁለተኛው ማጣሪያው እንደ ስሙ እንዳልሆነ ነው። ጓደኛዬ የሠራው ሜዳ ላይ ነበር። የሚያንጸባርቅ ግድግዳ በአጠገቡ የለም። ድምዳሜውን ለናንተ ልተው።

ችግሩ ይህንን ሱቅ ውስጥ መፈተሽ አለመቻላችሁ ነው። ሻጩ ላይተር ለኩሶ ያሳያችኋል። ወይም ወደ ፀሐይ ያዞረዋል። ጥቁር ይላል፤ ትደነቃላችሁ። ይህ ግን ማስኩ እንደሚጠቁር እንጂ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጠቁር አያሳይም። የማይታየውን ጨረር ስለማገዱ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም። ካርቶኑ ላይ በ«1/25,000 ሰከንድ» ይጠቁራል ተብሎ ይጻፋል። መጻፍ ቀላል ነው። በዓይናችሁ አትለኩትም።

ተራው ማስክ ላይ እንዲህ ያለ ድብብቆሽ አነስተኛ ነው። መስታወቱ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ባትሪ የለው፣ ብልጭታውን አይቶ የሚያጠቁር ሴንሰር የለው። ሲሰነጠቅ ስንጥቁን ታዩታላችሁ፤ ትቀይሩታላችሁ። አውቶማቲክ የሚበላሸው ግን ሳይናገር ነው። ትናንት ጠቁሮ ዛሬ ማዕዘን ውስጥ ገብታችሁ ስትበይዱ ሴንሰሩ በቧንቧው ይጋረድና ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ሴንሰር ብቻ ነው ያላቸው። ደህናዎቹ አራት።

ስለ መስታወቱ የጥቁረት ቁጥር ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «የበለጠ ጥቁር» ከማለት ውጪ አያውቀውም። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር የሚያልፈው ብርሃን ወደ 2.7 ጊዜ ያህል ያንሳል። 10 ቁጥር መስታወት ከሚመጣው ብርሃን ከ7,000 አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። አውቶማቲኩ ሳይጠቁር ሲቀር ያለበት 4 ቁጥር ግን 5 በመቶ ያህል ያሳልፋል። በመካከላቸው ከ300 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። የፀሐይ መነጽር አድርገው የሚበይዱ ሰዎችን ሳይ የምናደደውም ለዚህ ነው። የፀሐይ መነጽር ከ4 ቁጥርም በላይ ያሳልፋል።

በኤሌክትሮድ ለሚሠራ ሰው ከ40 እስከ 80 አምፔር 9 ቁጥር፣ ከ80 እስከ 175 ድረስ 10፣ ከዚያ በላይ እስከ 300 ደግሞ 11 ይበቃል። በ2.5 እና በ3.2 ሚሊ ኤሌክትሮድ የቤትና የአጥር ሥራ ለሚሠራ ሰው 10 ቁጥር ግዙ። አንድ 11 መለዋወጫ ብትጨምሩ አይከፋም። አውቶማቲክ ከ9 እስከ 13 ይቀያየራል ብለው ያባብሏችኋል። እውነት ነው። ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ በ300 አምፔር የምትሠሩት?

ወደ ገንዘብ ልመለስ። ማስክ ስትገዙ የመጀመሪያውን ቀን ዋጋ ብቻ አትዩ። ሲበላሽ ስንት እንደሚያስወጣ ጠይቁ። ተራው ማስክ አራት ነገር ነው፦ ቅርፊቱ፣ ጥቁሩ መስታወት፣ ከፊቱ ያለው ነጭ መስታወት፣ የራስ ማሰሪያው። እያንዳንዱ ለብቻው ይሸጣል። የጥቁሩ መስታወት ዋጋ የማስኩ ዋጋ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። 51 በ108 ሚሊሜትር የሆነው የተለመደ መጠን ነው፤ የአንዱ ፋብሪካ ለሌላው ይገባል። ነጩ መስታወት ደግሞ ከሁሉ ርካሹ ነው። ፍንጣሪ የሚበላው እሱን ነው። ሲጠቃጠቅ ቶሎ ቀይሩት፤ አለዚያ አልታይ ሲላችሁ አንገታችሁን ወደ ጭሱ ታስገባላችሁ።

አውቶማቲኩ ላይ ግን የዋጋው አብዛኛው የሚጠቁረው ሳጥን ነው። እሱ ከሞተ ማስኩ ሞተ። ለብቻው ልግዛው ብትሉ አዲስ ማስክ ሊያስገዛችሁ ምንም አይቀረውም። የፊት መከላከያ ፕላስቲኩም ብዙ ጊዜ ለየሞዴሉ የተለየ ቅርጽ አለው። ስለዚህ ማስኩን ስትገዙ መለዋወጫ ፕላስቲኩን እዚያው ጠይቁ። «አሁን የለም፣ ይመጣል» ካሏችሁ አይመጣም።

ከዚያ ባትሪው። እስካሁን ጠግኑልን እየተባሉ የመጡልኝን ርካሽ አውቶማቲኮች ስከፍት አብዛኞቹ ባትሪያቸው ውስጥ ተበይዶ ነው ያገኘሁት። በር የላቸውም። ሳጥኑ ዙሪያውን በማጣበቂያ ተደፍኗል። በስለት ፈልቅቆ፣ ባትሪውን ነቅሎ፣ አዲስ በካውያ አያይዞ መልሶ መዝጋት ይቻላል። አድርጌዋለሁ። ግን መስታወቱን ሳይሰነጥቁ መክፈት ዕድል ነው፤ ከተከፈተ በኋላም እርጥበት እንዳይገባበት አድርጎ መድፈን ሌላ ፈተና ነው። «ሶላር አለው፣ ባትሪ አይጨርስም» ይሏችኋል። የተለመደው ሲአር 2032 ባትሪ ግን ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት አይደለም። ሶላሩ ሥራውን ያግዛል እንጂ እሱን አይሞላም። የሆነ ቀን ያልቃል።

አውቶማቲክ ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ ለምትሉ፣ ቢያንስ እነዚህን እዩ። ባትሪው ከውጭ የሚከፈት በር ይኑረው። አራት ሴንሰር ይኑረው። ቁጥሩና የጥራት ደረጃው፣ ማለትም እንደ 1/1/1/2 ያሉት አራት አሃዞች፣ ራሱ ሳጥኑ ላይ የታተሙ ይሁኑ። ካርቶኑ ላይ ብቻ ከሆነ ካርቶን ነው የገዛችሁት። ከአራቱ የመጨረሻው አሃዝ በጎን ስታዩ መስታወቱ ምን ያህል እኩል እንደሚጠቁር ይናገራል፤ ርካሾቹ ላይ አንገት ዘንበል ሲል አንድ ጎን የሚነጣው ለዚህ ነው። በጣም ቀዝቃዛ ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑን የሚያጠቁረው ሊኩዊድ ክሪስታል በብርድ እንደሚዘገይ እወቁ።

ፎርጂድ ተራው ላይም አለ፤ አልደብቅም። ተራ የመስኮት መስታወት ላይ ጥቁር ፊልም ለጥፈው የሚሸጡ አጋጥመውኛል። መለያው ቀላል ነው። መስታወቱን አውጡና ጠርዙን በጎን እዩት። ደህናው ከዳር እስከ ዳር በውስጡ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ፎርጂዱ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ፊቱ ብቻ ይጠቁራል፤ በጥፍር ስትፍቁት ይላጣል። ባለ ወርቅ ቅቡ ሌላ ዓይነት ነው፣ እሱን በዚህ አትፍረዱበት። ቁጥርና የፋብሪካ ምልክት ያልታተመበትን ግን በነጻም አትውሰዱ። ፀሐይ ላይም አትሞክሩት። 10 ቁጥር ፀሐይን ለማየት አልተሠራም።

«በተራው መነሻው አይታየኝም» የሚለው ቅሬታ ትክክል ነው። አዲስ በያጅ ሁሉ እዚህ ላይ ይቸገራል። ከዚያ ማስኩን ገልጦ ይጀምራል፤ ብልጭታውን በባዶ ዓይን ያየዋል። እኔ የማደርገው ይህ ነው። በጠንካራ መብራት ቦታውን አበራለሁ፣ በጠመኔ መስመር አሰምራለሁ፣ የኤሌክትሮዱን ጫፍ አስጠግቼ እጄን አሳርፋለሁ፣ ከዚያ አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ ማስኩን አወርዳለሁ። ልምምድ ነው። ፊቱ የሚከፈተው ማስክ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ጥቁሩን ወደ ላይ ስታነሱ ከኋላ ነጭ መከላከያ ይቀራል። ስላጉን፣ ብየዳው ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት፣ በመዶሻ ስትመቱ የሚፈነጥረው ትኩስ ቅርፊት ዓይናችሁ አይገባም። ፊቱ የማይከፈት ተራ ማስክ ከሆነ ሰው ጠቅላላውን ገልጦ ነው የሚመታው።

አውቶማቲክ የሚያሸንፍበትም ቦታ አለ። ቀኑን ሙሉ ነጥብ ነጥብ እያደረገ የሚያያይዝ ሰው፣ አንገቱን የሚያመው፣ ጠባብ ቦታ ተኝቶ የሚሠራ። ቲግ፣ በማይቀልጥ የተንግስተን ጫፍ የሚበየደውን፣ የሚሠራም እንደዚሁ፤ ግን በዝቅተኛ አምፔር ርካሹ አውቶማቲክ አርኩን ሳያየው ይቀርና ይብለጨለጫል። ስለዚህ ቲግ ከሆነ ደህናውን ነው።

በእጅ የሚያዘውን ጋሻ አልመክርም። አንድ እጃችሁን ይወስዳል፤ በቃ።

ተራውን የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ግን ረዳቱ ነው። ብረቱን ይዞ ፊቱን ወደ ጎን የሚያዞረው ልጅ። «አላየሁትም» ይላል፤ ጨረሩ ግን በጎንም ይገባል። ዓይናቸውን ተመትተው ከማያቸው ሰዎች ብዙዎቹ በያጆች አይደሉም፣ ያዦች ናቸው። በአንድ ርካሽ አውቶማቲክ ዋጋ ሁለት ተራ ማስክ ትገዛላችሁ። አንዱን ለሱ ስጡት። ገንዘብ ከተረፈ ደግሞ ደረቅ የቆዳ ጓንትና ያልተሰነጠቀ የኤሌክትሮድ መያዣ ግዙ። ማሽኑ ሳይበይድ ቆሞ እንኳ መያዣው ላይ እስከ 80 ቮልት ኤሲ ሊኖር ይችላል። በላብ የራሰ ጓንትና እርጥብ መሬት ላይ ይህ ይገድላል። የትኛውም ማስክ ከዚህ አያድናችሁም። ከጭስም አያድንም። የብየዳ ጭስን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መድቦታል። ስለዚህ ራሳችሁን ከጭሱ ዓምድ አውጡ፤ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ከሆነ ቅቡን ከመበየዱ ቦታ ፈቅፍቃችሁ አንሱ።

«እኔ ግን ርካሹን አውቶማቲክ ገዝቼዋለሁ፣ ምን ላድርግ?» ለምትሉ፣ አትጣሉት። የብዙዎቹ ሳጥን መጠን 110 በ90 ሚሊሜትር ነው። በዚሁ መጠን 10 ቁጥር ጥቁር መስታወት ይሸጣል። ሳጥኑን አውጥታችሁ እሱን ግጠሙ፤ ከፊት ነጭ መከላከያውን፣ ከኋላ ፕላስቲኩን መልሱ። መስታወቱ ከሳጥኑ ስለሚቀጥን ክፍተት ይኖራል። በላስቲክ ጠርዝ ሙሉት። ከዚያ ጨለማ ክፍል ግቡ፣ ማስኩን አድርጉ፣ ሌላ ሰው በእጅ ባትሪ ዙሪያውን ያብራ። በጠርዙ በኩል ብርሃን ካያችሁ ገና አልጨረሳችሁም።