ፓራ ዋና እና ዩኒቨርሲቲ፦ ሙሉ ኮርስ ይዞ በቲም ወይስ ኮርስ ቀንሶ በክለብ?

አሜሪካ ለሚማር ፓራ ዋናተኛ (አካል ጉዳት ላለበት ዋናተኛ) ሁለቱም ያስኬዳል፣ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። የዩኒቨርሲቲ ቲም ውስጥ ከገባህ አሰልጣኙም ገንዳውም ጂሙም እዛው ግቢ ነው፣ ከጠዋት ልምምድ ወጥተህ ቀጥታ ክላስ ትገባለህ። አሜሪካዊቷ ፓራ ዋናተኛ ማኬንዚ ኮን ሎዮላ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እየተማረች ነው ሪዮ 2016 ፓራሊምፒክ ላይ በኤስ7 (በአካል ጉዳት ደረጃ ከሚከፈሉት የውድድር ምድቦች አንዱ) 3 ወርቅ የወሰደችው፣ በጣም ነው የማከብራት! ችግሩ በኤንሲኤኤ (የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር) ለመወዳደር አብዛኛውን ጊዜ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለብህ፣ ፈተናና ውድድር ሲገጣጠም እንቅልፍህ ነው የሚሄደው።

ሰው ብዙ የማያነሳው ደግሞ ገንዳው ነው፦ የኮሌጅ ውድድር በአብዛኛው በ25 ያርድ ገንዳ ነው፣ ፓራሊምፒክ በ50 ሜትር። 100 ያርድ ላይ 3 ጊዜ ትዞራለህ፣ 100 ሜትር ላይ አንዴ ብቻ፣ እና በእግሩ ግድግዳ ገፍቶ መነሳት ለሚከብደው ዋናተኛ እያንዳንዱ መዞር ሰከንድ ይበላል።

ክለብ ከሆነ ኮርስ ቀንሰህ ረጅሙ ገንዳ ላይ ታተኩራለህ፣ ሰውነትህም ያርፋል፣ ግን ምርቃት ይዘገያል፣ ስኮላርሺፑ ሙሉ ሰዓት የሚጠይቅ ከሆነም ልታጣው ትችላለህ። እኔ ብሆን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በቲም፣ የፓራሊምፒኩን ዓመት ግን ኮርስ ቀንሼ ነበር የምሄደው።