የእንጦጦን ዳገት በጥርስ ቆጠራ ላቀለሉልኝ ጋሼ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከአንድ ወር በፊት ነው። ሆን ብዬ ነው የቆየሁት። ሳይክል ከጥገና በወጣ ማግስት ሁሉም ነገር ጥሩ ይመስላል፣ ዘይቱ ያብለጨልጫል፣ ካቴናው ድምፅ የለውም። አሁን ግን ስድስት ጊዜ እንጦጦ ወጥቼበታለሁ፤ አንድም ቀን ወርጄ አልገፋሁም። ስለዚህ ማመስገን የምችል ይመስለኛል።

ሳይክሌ ያገለገለ ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ነው። ስገዛው ከፊት ሦስት ጥርስ (ካቴናው የሚያርፍበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ነበረው፤ በየክቡ ዙሪያ ያሉት ጥርሶች ሲቆጠሩ 42፣ 32 እና 22። ከኋላ ስምንት፣ ትንሹ 11፣ ትልቁ 32። ያኔ ይህን ቁጥር የት አውቄው፤ "ባለ 24 ማርሽ ነው" ተብዬ ነው የገዛሁት፣ ሦስት በስምንት መሆኑን ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። የፊቱ ማርሽ ሽቦው ዝጎ አልቀይር ሲለኝ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ስማቸውን አልጠራም፣ ክፋትም ያደረጉ አይመስለኝም። ልጁ "አሁን ዘመናዊ ሳይክል ሁሉ ከፊት አንድ ጥርስ ብቻ ነው ያለው፣ ከዚህ ሽቦ ጣጣ ልገላግልሽ" አለኝ። ዘመናዊ መባል ደስ ይላል አይደል? እሺ አልኩ። ሦስቱንም አውልቆ አንድ ባለ 38 ገጠመልኝ፣ የፊቱን ማርሽ ቀያሪ ከነሽቦው ነቀለ፣ የወጣውን ዕቃ በፌስታል አድርጎ ሰጠኝና ከፍዬ ወጣሁ።

ከተማ ውስጥ ምንም አይወጣለትም ነበር። የኮሪደር ልማቱ በሠራው የብስክሌት መንገድ ላይ እኔም ሰው ሆኜ ሌላውን አልፌ እሄድ ነበር። ጉዱ የሚፈላው ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ ሜዳን አልፌ ወደ እንጦጦ ማርያም ስወጣ ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከኮርቻው ተነስቼ በሙሉ ክብደቴ እረግጣለሁ፣ ፔዳሉ ግማሽ ዙር ይሄድና ይቆማል፣ ጉልበቴ ከውስጥ ይወጋኛል፣ ከዚያ ወርጄ መግፋት ነው። ከላይ የባሕር ዛፍ ሸክም ይዘው የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ ወገባቸው ጎብጦ፣ ፊታቸው ወደ መሬት። አንዷ ከሸክሙ ሥር ቀና ብለው አዩኝና "አይዞሽ ልጄ" አሉኝ። እሳቸው ያንን ሁሉ ተሸክመው፣ እኔ ጎማ ያለው ነገር እየገፋሁ! የዚያን ቀን ሃፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ መልሱ ሁለት ነው። ግማሹ "ልምምድ ነው፣ እግርሽ ይጠነክራል" ይለኛል፤ ግማሹ "ይሄን ሽጪና ባለ 12 ማርሽ ግዢ"። ባንክ ቤት ተቀምጬ የምውል ሰው ስለሆንኩ የመጀመሪያውን አመንኩት። ለሁለት ወር በየሳምንቱ ወጣሁ፤ እግሬ የጠነከረውን ያህል ጉልበቴ ባሰበት። በመጨረሻ የሥራ ባልደረባዬ "ገንዘብ ሳታወጪ መጀመሪያ ጋሼን አሳዪያቸው" ብሎ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ኮንቴነር ላከኝ። እኔ ግን የሄድኩት ለኋላው ትልቅ ማርሽ ልገዛ ገንዘቤን ቆጥሬ ይዤ ነው። ወስኜ ነው የሄድኩት ማለት ነው።

ጋሼ ስልሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። ሳይክሉን አላነሱትም፣ አልገለበጡትም። መጀመሪያ ያሉት "የት ነው የምትነጂው?" ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንጦጦ አልኳቸው። "እስከ ማርያም?" አዎ። "በስንት ትወጪያለሽ፣ ስልክሽ ይነግርሽ የለ?" ዳገቱ ላይ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አልኩ።

ከዚያ ጠመኔ አወጡ። የፊቱን አንድ ጥርስ ነጭ አድርገው ምልክት ካደረጉበት በኋላ በጣታቸው እየዳሰሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቆጠሩ፣ 38። የኋላውን ትልቁን ቆጠሩ፣ 32። ካቴናውን እዚያ ላይ አሳረፉና ሳይክሉን በሲሚንቶው ላይ አቁመው ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ መስመር አሰመሩ። ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ሳይክሉን ቀስ ብዬ እንድገፋ አደረጉኝ። ሁለተኛ መስመር። በሜትር ሲለኩት ሁለት ሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

"በአንድ ዙር ጭነቱን ይህን ያህል ርቀት ወደ ላይ ትጎትቻለሽ ማለት ነው" አሉ። "በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 83 ሜትር ነው። 83ን አሁን ለለካነው አካፍዪው።" በስልኬ አካፈልኩት፤ ሠላሳ አራት ዙር ገደማ። "በደቂቃ ሠላሳ አራት! ይሄ እኮ ሳይክል መንዳት አይደለም፣ ደረጃ መውጣት ነው። ጉልበትሽ ቢያምሽ ምን ይገርማል። ደግሞ ላይኛው ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩም ቀጭን ነው፤ ሳንባሽን መቀየር አንችልም፣ ጥርሱን ግን እንችላለን።"

እኔ ታዲያ ያሰብኩትን ተናገርኩ፤ ከኋላ ባለ 42 ይግጠሙልኝ አልኳቸው። ገንዘቡን ዝም ብለው መቀበል ይችሉ ነበር። አልተቀበሉም። አንድ ጥርስ ከፊት ማድረጉ በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ አስረዱኝ፤ እነዚያ ዘመናዊ የተባሉት ሳይክሎች ከፊት 32 ቢኖራቸው ከኋላ እስከ 51 ይደርሳሉ፤ 32 ለ 51 ሲካፈል 0.63 ነው፣ የኔ 38 ለ 32 ግን 1.19። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዳገቱ ይቀላል። "ልጁ የፊቱን ፋሽን ወስዶ የኋላውን ረሳው" አሉ፣ ሳቁ። እኔ የጠየቅኩትን ቢያደርጉስ? የፊቱን ወደ 32 አውርደን ከኋላ 42 ብናደርግ 0.76 ይመጣል። ለዚያ ግን አዲስ የኋላ ማርሽ ብቻ አይበቃም፤ የኔ ማርሽ ቀያሪ ለ42 ስላልተሠራ እሱም መለወጥ አለበት።

ከዚያ የፔዳሉን ክንድ ወደ ራሴ አዙረው ከትልቁ ጥርስ ጀርባ ጣታቸውን አስገቡ። "ዳስሺው" አሉኝ። ውስጣቸው የቡሎን ክር ያለባቸው አራት ቀዳዳዎች ናቸው፣ በግራሶና በአቧራ የተደፈኑ። "እነዚህ አራቱ ለምን የተሠሩ ይመስልሻል?" አላወቅኩም። "የባለ 22 ቤት ናቸው። ያ ያወለቁልሽ ትንሽ ጥርስ የት አለ?"

ፌስታሉ ቤቴ፣ ጫማ መደርደሪያው ሥር።

22 ለ 32 ሲካፈል 0.69 ነው። ብዙ ገንዘብ ከሚያስወጣው ከ0.76 ይሻላል፣ ዕቃውም የራሴ ነው። በአንድ ዙር ሁለት ሜትር ተኩል የነበረው ወደ አንድ ሜትር ከአርባ ይወርዳል፤ በዚያው በአምስት ኪሎ ሜትር ፍጥነት እግሬ በደቂቃ ሃምሳ ዘጠኝ ጊዜ ይዞራል። ይህን ሁሉ በኮንቴነሩ በር ላይ በጠመኔ ጻፉልኝ፤ ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ እስካሁን የስልኬ ሽፋን ነው።

በማግስቱ ፌስታሉን ይዤ ተመለስኩ። ትንሹ ባለ 22 ብረት ስለሆነ ደህና ነው። መካከለኛው ባለ 32 ግን አልቋል፤ ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ጎብጠዋል። ካቴናዬንም በማስመሪያ ለኩት፤ ሃያ ማያያዣ አዲስ ሲሆን 25.4 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከዚያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ከምናምን ከጨመረ ይቀየራል፣ የኔ ከሁለት በላይ ጨምሯል። ያለቀ ካቴና ላይ አዲስ ጥርስ መግጠም ብር ማቃጠል ነው አሉኝ። የኋላውን ግን አይተው "ይሄ ገና ይሠራል፣ አትግዢ" አሉ። ሁለተኛው "አትግዢ" መሆኑ ነው።

ባለ 38ቱን የሚተካ ባለ 32 ጥርስ እንደኔ አራት ቡሎን ያለው እዚህ አላገኘንም፣ ጀርመን ያለች የአክስቴ ልጅ ለበዓል ስትመጣ በሻንጣዋ እንድታመጣ ተስማማን። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ጥርሱ 32 ስለሆነ ብቻ አይገባም፣ የቡሎኖቹ ርቀት መግጠም አለበት። ጋሼ ከአንዱ ቡሎን መሐል እስከ ጎረቤቱ መሐል ለኩና 73.5 ሚሊ ሜትር አገኙ፤ ይህ ማለት 104 የሚባለው ነው (ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር)። የትንሹ ቤት ደግሞ 45 ከምናምን፣ 64 የሚባለው። ለአክስቴ ልጅ የላክኩላት መልእክት "32 ጥርስ፣ 4 ቡሎን፣ 104" ብቻ ነበር። እሷ መጀመሪያ የመረጠችው ባለ 96 ነበር፣ ርካሽ ስለሆነ! ሳይከፈል ደርሰንበታል።

ሲገጥሙ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ቀዳዳዎቹን በጥርስ ብሩሽ አጸዱ፣ ቡሎኑን ግራሶ ቀቡ፣ አራቱንም በመስቀለኛ ተራ አጠበቁ። የፊቱን ማርሽ ቀያሪ መልሰው ሲገጥሙ ድሮ ለ42 ከነበረበት ዝቅ አደረጉት፤ በቀያሪውና በባለ 32ቱ ጥርስ ጫፍ መካከል የአንድ ብር ሳንቲም አስገብተው ሳንቲሙ በቀላሉ ሲያልፍ "ይኸው" አሉ። ከዚያ በካቻቢቴ ካቴናው ከጥርሱ አልፎ እንዳይወድቅ ወሰኑን አበጁ። ባለ 42ቱን መልሰው አልገጠሙም፤ አያስፈልግሽም አሉ። በ32 እና በ11 ብቻ ሜዳ ላይ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ፤ ከእንጦጦ ስወርድ ደግሞ ፔዳል የሚረግጥ ማን ነው፣ ፍሬን መያዝ ነው እንጂ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንግዳ ነገር ነበር። እግሬ በፍጥነት ይዞራል፣ ሳይክሉ ግን በእግረኛ ፍጥነት ነው የሚሄደው፣ ያስቃል። ግን አይቆምም። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሯጮች አለፉኝ፣ ምንም አልመሰለኝም። ጠጠር ያለበት ላይ ስደርስ ጎማው ከኋላ ተሽከረከረ፣ ከፊት ደግሞ ተነሳ፤ ወደ ኮርቻው የፊት ጫፍ ቀረብ ስል ተስተካከለ። "ከ22 በታች ያለ አለ ወይ?" ብዬ ጠይቄያቸው "አለ፣ ግን መሬቱን ትፈነቅዪያለሽ እንጂ አትወጪም" ያሉኝ ያኔ ገባኝ። ማርያም ደርሼ ውሃ ስጠጣ ጉልበቴን ዳሰስኩት። ዝም ብሏል።

እንከናቸውን ካልነገርኳችሁ ጥቆማው ጥቆማ አይሆንም። ስልክ አያነሱም፣ በአካል መሄድ ነው። ነገ ያሉት ከነገ ወዲያ ነው። ወሬ ይወዳሉ፤ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረበትን ክረምት ሳታዳምጡ ሳይክላችሁን አትወስዱም (እኔ ሁለት ጊዜ አዳምጫለሁ)። የፊቱ ማርሽም አልፎ አልፎ ሲቀየር ያመነታል፤ ቀያሪው ለትልቅ ጥርስ የተሠራ ስለሆነ እንደሚሆን አስቀድመው ነግረውኛል። ዳገቱ ሳይጀምር፣ እግሬ ሳይከብድ ከቀየርኩ ችግር የለም። ጥርሱ 22 ላይ ሆኖ ከኋላ ወደ 11 መሄድም ክልክል ነው፣ ካቴናው ይላላል። የእጅ ዋጋቸው የመጀመሪያው ቤት የከፈልኩትን ሲሶ አይሆንም፤ ጨምሬ ስሰጣቸው ተቆጥተው መለሱልኝ።

ጋሼ፣ ልጆችዎ ካነበቡልዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጉልበቴን አድነውልኛል፣ ይዤው የመጣሁትን ገንዘብም።

ስማቸውንና ቦታቸውን በይፋ መለጠፍ አልፈለጉም፣ ኮንቴነሩ ጠባብ ነው ሰው ይበዛብኛል ብለው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። ስትሄዱ የተነቀለላችሁን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ የማይረባ የሚመስላችሁንም። ሰኞ ጠዋት አይገኙም።

ያቺ ባለ 38 ጥርስ አለችኝ፣ አዲስ ናት ማለት ይቻላል። አራት ቡሎን፣ 104። ሜዳ ላይ ብቻ የሚነዳ ሰው ካለ በነፃ ይውሰዳት።