የጋራ ሰርቨር ላይ አንድ ዩዘር ሲፒዩውን ሲጨርሰው፦ ምን ይገዛል፣ ምኑስ በነፃ ይገኛል?

ደብረ ብርሃን ያለው ቢሯችን ውስጥ 12 ሰው ሚገባበት ባለ 8 ኮር (ሲፒዩው ውስጥ 8 አስሊ ያለው) የሊኑክስ ሰርቨር አለን፣ ማቀዝቀዣ ምናምን አያስፈልገውም ብርዱ ይበቃዋል። ጣጣው ከኛ መሀል አንዱ ልጅ ዳታ ሊያሰላ የፓይተን ስክሪፕቱን ሲለቅበት ነው፣ ስክሪፕቱ ያገኘውን ኮር ሁሉ እንዲይዝ ስለተፃፈ የሌሎቻችን ስራ ይንቀረፈፋል፣ አንድ ፋይል ለመክፈት ቡና ጠጥተህ ትመለሳለህ። በብርድ ሌሊት ባናውን ለብቻው ጠቅልሎ እንደሚተኛ ወንድም በሉት። ጋሼ (ኃላፊያችን) "ባለ 16 ኮር እንግዛና እንገላገል" አሉ። እንዴ፣ ያ ስክሪፕት እኮ 16ቱንም ይበላዋል!

ስለዚህ ብር ከማውጣታችን በፊት ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን አየናቸው።

ናይስ (የአንድን ፕሮሰስ፣ ማለትም እየሮጠ ያለ ፕሮግራም፣ ቅድሚያ ማስተካከያው) ሁሉም መጀመሪያ ሚሞክረው ነው፣ ከ-20 እስከ 19 ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ፕሮሰሱ ለሌላው እያሳለፈ ይሄዳል። ግን ገደብ አይደለም፣ ደሞ በፕሮሰስ እንጂ በዩዘር አይሰራም፣ አውቶግሩፕ (ፕሮሰሶችን በሰሽን፣ ማለትም በተከፈተ ተርሚናል፣ ሚቧድነው) የተከፈተበት ከርነል (የሊኑክሱ እምብርት) ላይ ከሆነማ ናይሱ እዛው ሰሽን ውስጥ ባሉት መሀል ብቻ ነው ሚቆጠረው፣ ሌላ ተርሚናል ላይ ያለው ሰው ለውጡን ላያየው ይችላል። ሲፒዩሊሚት ሚባለው ደሞ ፕሮሰሱን ቁም ሂድ ቁም ሂድ እያለ ነው ሚያዘገየው፣ ለአንድ ስራ ለዛሬ ብቻ ከሆነ ይሁን። ዩሊሚት (ገደብ ማውጫ ትዕዛዝ ነው) ላይ ያለውን የሲፒዩ ገደብ ብዙ ሰው ፐርሰንት ይመስለዋል፣ አይደለም፣ የሰዓት ገደብ ነው፣ ፕሮሰሱ የተፈቀደለትን የሲፒዩ ሰዓት ሲጨርስ ይገደላል፣ የሶስት ሰዓት ስሌት መሀል ላይ ሲሞት የልጁን ፊት ማየት ነው።

ዋናው ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን፣ ማለትም ከጀርባ ሚሮጡትን ፕሮግራሞች፣ ሚያስነሳውና ሚያስተዳድረው) ነው፣ ነፃ ነው፣ ምናልባት አሁን ማሽናችሁ ላይ ተጭኖ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ዩዘር ሲገባ የራሱ ስላይስ (የሱ ፕሮሰሶች ሚቧደኑበት ክፍል) ይከፈትለታል፣ ስላይሱ ላይ ሁለት ነገር ማሰር ትችላላችሁ፣ ኮታ ወይ ዌይት። ሸዋ ሮቢት በኩል መስኖ ያየ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል። ኮታ ማለት የውሃ አባቱ "ላንተ ይሄን ያህል" ካለህ አለቀ፣ ቦዩ ሞልቶ ቢፈስም አትጨምርም። 100% አንድ ኮር ነው፣ በኛ 8 ኮር ሙሉው 800% ይሆናል። ዌይት ግን ጎረቤትህ ካላጠጣ ሙሉውን ትወስዳለህ፣ እሱ ሲመጣ ትካፈላላችሁ። ከ1 እስከ 10000 ይሰጣል፣ ካልነካችሁት 100 ነው። ሁሉንም 100 ብላችሁ ብትፅፉ እንኳን ጥቅም አለው፣ ሽሚያ ሲመጣ ድርሻው በዩዘር እንጂ በከፈተው ፕሮሰስ ብዛት አይሆንም። እኔን ከጠየቃችሁ ለቢሮ ዌይት ይሻላል፣ ሌሊት ማንም ሳይነካው ሰርቨሩ ባዶውን እያደረ ልጁን በኮታ ማሰር ምን ይጠቅማል?

ለሁሉም ዩዘር ባንዴ በአንድ ፋይል ማሰር ሚቻለው ከሲስተምዲ 239 (እ.ኤ.አ. 2018) ጀምሮ ነው፣ ኡቡንቱ 18.04 ላይ ያላችሁ 237 ስለሆነ አይሰራላችሁም፣ 20.04 ላይ ይሰራል። አደራ፣ ያ ፋይል ሩትንም (የአስተዳዳሪውን አካውንት) ይይዛል! ለሩት ለብቻው ካላላላችሁለት ችግር ሲመጣ ራሳችሁም ታስራችሁ ነው ምትገቡት።

ታዲያ ክላውድሊኑክስን (ለዌብ ሆስቲንግ ተብሎ የተሰራውን ሊኑክስ) ሰው ለምን ይከፍልበታል? የዩዘር ስላይስ ሚይዘው በሰሽን የገባውን ስለሆነ ነው። ፒኤችፒ (ዌብሳይት ማስኬጃው) በዩዘሩ ስም ቢሮጥም ሚቆጠረው በሰርቪሱ ስር ነው፣ ዶከርም (ፕሮግራምን ለይቶ በሳጥን ማስሮጫው) እንደዛው ያመልጣል። ስለዚህ የሰው ዌብሳይት ሆስት እያደረጋችሁ ምትሸጡ ከሆነ ሲስተምዲው ብቻውን አያዋጣም፣ ክላውድሊኑክስ በደንበኛ በደንበኛ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ የዲስክ ፍጥነት፣ የፕሮሰስ ብዛት ይለካል፣ ፋይላቸውንም እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይጋርዳል። ፍቃዱ በየጊዜው ሚከፈል ነው፣ እንደኛ ለ12 ሰው ግን ብር መጣል ነው። ሆስቲንግ ገዢ ከሆናችሁ ደሞ ሻጩን ስለ ዲስክ መጠን ብቻ አትጠይቁት፣ ስንት ኮር እንደሚፈቅድና ባንዴ ስንት ሪኩዌስት እንደሚያስገባ ጠይቁት፣ 508 ኤረር (ገደብህ ሞልቷል ሚለውን) ያየ ሰው ለምን እንደምል ያውቃል።

ቨርቹዋል ማሽን (አንዱን ማሽን በሶፍትዌር ብዙ ማሽን ማድረግ፣ በኬቪኤም፣ በፕሮክስሞክስ) ለማይተማመኑ ሰዎች ነው፣ ሁሉም የራሱ ከርነል አለው፣ ግን ሜሞሪውን ቆራርሳችሁ ማከፋፈላችሁ አይቀርም፣ 16 ጊጋ ለ12 ሰው ሲካፈል ምን ሊደርስ። ቪፒኤስ (ከሻጭ ትልቅ ማሽን ላይ ተቆርጦ ሚከራይ ቨርቹዋል ማሽን) ከተከራያችሁ ቶፕ (ማሽኑ ምን እየሰራ እንደሆነ ሚያሳየውን ትዕዛዝ) ከፍታችሁ ኤስቲ ሚለውን ቁጥር ተመልከቱ፣ ከፍ ብሎ ከቆየ ኮራችሁን ጎረቤት እየወሰደባችሁ ነው፣ እናንተ ጋ ምንም ብትገድቡ አይድንም።

እኛ ለሁሉም ዌይት 100፣ ለልጁ 50 አድርገን፣ ቀን ቀን ብቻ 400% ኮታ ጨመርንበት። ሁለት ቀን አኮረፈ፣ ከዛ ስራውን ማታ መልቀቅ ለመደ። ለባለ 16 ኮሩ የታሰበው ብር ዩፒኤስ ተገዛበት፣ መብራቱን ታውቁታላችሁ።