ከፒያሳ የገዛሁት የኬሚስትሪ ሙከራ ሣጥን

የኬሚካላዊ ለውጥ ፍጥነትን በተግባር ለማሳየት የተዘጋጀውን ይህን የሙከራ ሣጥን የገዛሁት ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሲሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አዘዞ ከማስጠናቸው ስድስት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ለአንድ ወር ተጠቅሜበታለሁ። በውስጡ ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ፣ ጥቂት የመስታወት ዕቃዎች፣ አነስተኛ ሚዛንና መመሪያ ይገኛሉ። የዓይን መከላከያ መነጽር ግን የለውም፤ አሲድ ለያዘ ሣጥን ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉድለት አይደለም።

የኮንሰንትሬሽኑ (በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ንጥረ ነገር ብዛት) ሙከራ ከጠበቅሁት በላይ ሠርቷል። ታዮሰልፌቱና አሲዱ ሲገናኙ ድኝ እየተፈጠረ ፈሳሹ ስለሚደፈርስ፣ ከብርጭቆው ሥር ወረቀት ላይ የተሣለው መስቀል ከዓይን እስኪሰወር የሚፈጀው ጊዜ ይለካል። 50 ሚሊ ሊትሩ ታዮሰልፌት ሳይቀጥን 24 ሰከንድ፣ ግማሹ በውሃ ሲተካ 49 ሰከንድ፣ አንድ አምስተኛው ብቻ ሲቀር ደግሞ 2 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ፈጀ። ቅንጣቶቹ በሳሱ ቁጥር እርስ በርስ የሚጋጩበት አጋጣሚ እንደሚቀንስ ተማሪዎቹ ከቁጥሮቹ ራሳቸው አነበቡት፤ እኔ መጨመር ያስፈለገኝ ነገር አልነበረም። የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጉሮሮ ስለሚከነክን መስኮት እንዲከፈት መመሪያው በደማቅ ጽሑፍ ማሳሰቡም ያስመሰግነዋል።

ቅሬታዬ ካታሊስቱ፣ ማለትም ለውጡን እያፋጠነ ራሱ የማያልቀው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ፣ ላይ ነው። መመሪያው 8 ሚሊ ሊትር ፐርኦክሳይድ ላይ ጥቁሩን የማንጋኒዝ ዱቄት (ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሲሰበር ከካርቦን ጋር ተደባልቆ የምናየውን ማለት ነው) ስንጨምር 80 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክሲጅን እንደምናገኝ ይናገራል። የእኛ ጋዝ ግን 100 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን የተደፋ መለኪያ ሞልቶ በሥሩ አመለጠ። አንዲት ተማሪ ወዲያው «ካታሊስት ምርት ይጨምራል ማለት ነው?» አለችኝ፤ በዚህ ርእስ ላይ ከሁሉ ይልቅ መጥፋት ያለበት የተሳሳተ ግንዛቤም ይኸው ነው። ስሕተቱ የዱቄቱ ሳይሆን የመመሪያው ነበር፤ ስሌቱ የተሠራው ለባሕር ወለል ግፊትና ለዜሮ ዲግሪ ሲሆን፣ ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየሯ ግፊት 78 ኪሎፓስካል አካባቢ ስለሆነ ያው ጋዝ በክፍል ሙቀት ወደ 110 ሚሊ ሊትር ይሰፋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፐርኦክሳይዱን ወደ 6 ሚሊ ሊትር ዝቅ አድርገን፣ አንዴ ግማሽ ግራም፣ አንዴ ሩብ ግራም ዱቄት ተጠቀምን። ግማሽ ግራሙ ቶሎ ሲጨርስ ሩቡ ዘገየ፤ በመጨረሻ የተሰበሰበው ጋዝ ግን በሁለቱም 83 ሚሊ ሊትር ገደማ ነበር። ካታሊስቱ ለለውጡ አነስተኛ ማነሣሻ ኃይል የሚጠይቅ ሌላ መንገድ ይከፍትለታል እንጂ የሚገኘውን ምርት አይጨምርም። ዱቄቱን አጥልለን፣ አድርቀን ብንመዝነው ክብደቱ አልተለወጠም፤ ትምህርቱን የሚያጸናው ይህ እርምጃ በመመሪያው ውስጥ ጨርሶ አልተጠቀሰም።

ይልቁንም ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርዜሊየስ በ1835 እ.ኤ.አ. «ካታሊሲስ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሰየመ አንድ ሙሉ ገጽ ተሰጥቶታል። ታሪኩን አልጠላሁትም፤ ነገር ግን በዚያው ገጽ ላይ ስለ ጠላ ብቅል ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ ተማሪዎቹ ይበልጥ ይቀርባቸው ነበር፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው በብቅሉ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም፣ ማለትም የተፈጥሮ ካታሊስት፣ ነውና።

የአቅርቦቱ ሚዛንም የተገላቢጦሽ ነው። እያጠለሉ ደጋግመው ሊጠቀሙበት የሚቻለው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ 50 ግራም ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሙከራ የሚያልቀው ታዮሰልፌት 30 ግራም ብቻ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ተሟጠጠብን፤ መደብሩ ደግሞ ለብቻው አይሸጠውም።