ኦዱ ለመያድ ሒሳብ፦ ነጻዎቹ ሞጁሎች ምን ያህል ያዋጣሉ? ከመጫንና ከማዘመን በፊትስ ምን ይዘጋጅ?

ኦዱ የሒሳብና የሌሎች የድርጅት ሥራዎች ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ኮሚኒቲ የተባለው እትሙ በነጻ ይገኛል፤ ወር ሲዘጋ ግን ትራያል ባላንስና ጄኔራል ሌጀር ፈልገው ቢገቡ አያገኙም፤ እነሱ ያሉት በሚከፈልበት የኢንተርፕራይዝ እትም ውስጥ ነው። ክፍተቱን የሚሞሉት ኦሲኤ የተባለው የኦዱ ማኅበር የሚያወጣቸው ነጻ ሞጁሎች፣ ማለትም በኦዱ ላይ የሚጨመሩ ተቀጥላ ፕሮግራሞች ናቸው። ለመያድ የሚረቡት በዋናነት ሁለት ናቸው። አካውንት ፋይናንሻል ሪፖርት የተለመዱትን ሪፖርቶች ያወጣል፤ ሥራውን በደንብ ይሠራል፣ ከዚህ በላይ የሚባልለት የለም። እውነተኛው ሀብት ሚስ ቢልደር ነው። በለጋሹ የበጀት መስመር ልክ የራስዎን ሪፖርት ቀርጸው፣ ከበጀት ሞጁሉ ጋር በጀትና ወጪን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያስቀመጠውን የ20 በመቶ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ እንደ አንድ መስመር ቀመር አስገብቶ በየወሩ ማየትም ይቻላል።

ችግሩ ዝግጅቱ ላይ ነው። ሚስ ቢልደር ብቻውን አይጫንም፤ ዴት ሬንጅን (የሪፖርት ጊዜዎች የሚመዘገቡበትን ሞጁል) እና የኤክሴል ሪፖርት ሞጁሉን ይፈልጋል፤ ሁሉም የሚገኙት በተለያየ የኮድ ማከማቻ ነው። የሁሉም ቅርንጫፍ (ለአንድ የኦዱ እትም የተዘጋጀው የኮድ ቅጂ) ከኦዱው እትም ጋር አንድ መሆን አለበት፦ ኦዱ 17 ከሆነ ሁሉም 17። አዲስ የኦዱ እትም ሲወጣ ሞጁሎቹ ወዲያው አይከተሉም፤ ስለዚህ እትም ለመቀየር ከመወሰንዎ በፊት የሚጠቀሙበት እያንዳንዱ ሞጁል በአዲሱ ቅርንጫፍ ውስጥ መኖሩን አንድ በአንድ ይመልከቱ። አንዱ ከጎደለ ይቆዩ።

ባክአፕ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳታቤዙን ብቻ ገልብጦ ጨረስኩ ሲል ነው። ከቫውቸሩ ጋር የተያያዙት የደረሰኝ ስካኖች ያሉት ዳታቤዙ ውስጥ ሳይሆን ፋይልስቶር በሚባለው ፎልደር ነው። ያ ከሌለ ሒሳቡ ይመለሳል፣ ማስረጃው ግን የለም፤ ኦዲተር ፊት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሒሳብ ሰው አይነገርም። ከኦዱ የዳታቤዝ ማስተዳደሪያ ገጽ ዚፕ የሚለውን መርጠው ካወረዱ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። ባክአፑን በሌላ ስም መልሰው ይጫኑና መጀመሪያ እዚያ ይሞክሩ። ከ16ኛው እትም ጀምሮ ኒውትራላይዝ የሚል ምርጫ አለ፤ ምልክት ያድርጉበት፣ አለበለዚያ የሙከራው ቅጂ ለእውነተኛ ለጋሾችና አቅራቢዎች ኢሜይል ሊልክ ይችላል።

ሲጫን ሞጁሉ በዝርዝሩ አልታይ ካለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ በማዋቀሪያ ፋይሉ የአድኦንስ መንገድ ላይ የተጻፈው የሞጁሉ ፎልደር ራሱ ነው፤ መጻፍ ያለበት ግን ሞጁሉን የያዘው ፎልደር ነው። ሁለተኛው፣ ሰርቨሩን አጥፍተው ካስነሱ በኋላ በገንቢ ሁነታ የመተግበሪያዎችን ዝርዝር ቢያድሱም፣ መፈለጊያው ላይ አፕስ የሚለው ማጣሪያ ሳይነሳ ቀርቷል። ማጣሪያው እንደ ዴት ሬንጅ ያሉ ደጋፊ ሞጁሎችን ይደብቃል።

የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ስለሆነ ዴት ሬንጅ እዚህ ላይ ዋጋው ይታያል። በ30 ቀን ልክ 12 ወር በአንዴ እንዲያመነጭ ካዘዙት ግን ጳጉሜን ስለማያውቅ ከመስከረም ጀምሮ ያለው ሁሉ ይዛነፋል፤ የመጨረሻዎቹ ቀናትም ከዓመቱ ውጭ ይቀራሉ። ሐምሌን (ጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6) እና ነሐሴን ከጳጉሜ ጋር (ኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 10) በእጅ ያስገቡ፤ ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ ቀሪዎቹን 10 ወራት በ30 ቀን ያመንጩ፤ ልክ ጁላይ 7 ላይ ያልቃል። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2019፣ ነሐሴ በሴፕቴምበር 11 ያበቃል፤ አሥሩም ወራት ከሴፕቴምበር 12 ይነሣሉ። የውጭ ለጋሹ በራሱ ወር ከፈለገ ሌላ የዴት ሬንጅ ዓይነት ይፍጠሩለት፤ መደራረብ የሚከለከለው በአንድ ዓይነት ውስጥ ብቻ ነው።

ከ16ኛው እትም ወዲህ አንድን ወጪ እዚያው መስመሩ ላይ ለሁለት ለጋሾች በመቶኛ ማካፈል ይቻላል። መልካም ነው፣ ግን ሪፖርቱን ሳይፈትኑ አይመኑት። በሙከራው ቅጂ 10,000 ብር ወጪ 60 እና 40 አካፍለው ይመዝግቡና በመጀመሪያው ለጋሽ ያጣሩ። 6,000 ካሳየ ደኅና፤ 10,000 ካሳየ ማጣሪያው ሙሉውን መስመር እያነሣ ስለሆነ ያ ሪፖርት ለለጋሽ አይላክም።

ማዘመን ላይ፣ አዲሱን ኮድ አውርዶ ሰርቨሩን ማስነሳት ብቻ አይበቃም። ኮዱ የሚጠብቀው ዓምድ ዳታቤዙ ውስጥ ገና ስላልተፈጠረ ገጹ በስሕተት ይቆማል፤ ሞጁሉን የማዘመኛ ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል። ዴት ሬንጅን ሲያዘምኑ በእሱ ላይ የቆመው ሚስ ቢልደር አብሮ ይዘመናል፤ ሚስ ቢልደርን ማዘመን ግን ዴት ሬንጅን አይነካም። ችግር ሲገጥም ሞጁሉን አራግፎ እንደገና መጫን የሚመክር አይጠፋም። አይስሙት፤ ሲራገፍ የሪፖርት ቅርጾቹና ያስገቡት በጀት ከሠንጠረዦቻቸው ጋር ይጠፋሉ። ሥራው ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ይሠራ፤ ዓመት በሚዘጋበት በሐምሌ ግን ጭራሽ አይነካካ።

የሰርቨር ትእዛዝ የሚያውቅ ባለሙያ በቋሚነትም ሆነ በውል ለሌለው ድርጅት ይህ አሠራር አይመከርም። ባለሙያ ካለና የለጋሾቹ ቁጥር ከሦስት አራት ካለፈ፣ ሚስ ቢልደር በኤክሴል የሚገጣጠመውን የለጋሽ ሪፖርት ሙሉ በሙሉ ይተካል።